የጎረቤቴ ውሻና የዳባት ሽርሽር

ዳባት ስመደብ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ተወልጄ ያደግሁት ጎንደር ከተማ ስለሆነ አገሩ አልራቀብኝም፤ ብርዱ ግን አንገት ያስቀብር ነበር። ጊዜው ደርግ ሥር ከሰደደ ቆየት ያለበት፣ ሰው ከቀበሌው የይለፍ ወረቀት ሳይዝ ከወረዳው የማይወጣበት ዘመን ነው። ስድስተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። የተከራየኋት ክፍል ከከተማው ጫፍ ላይ ነበረች፤ ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ የአንድ ቀጥቃጭ ግቢ አለ።

ቀጥቃጩ ማረሻና ማጭድ ይሠራል፤ ሚስቱ ሸክላ ትሠራለች። ሁለት ሴቶች ልጆች አሏቸው፤ የባልየው እናትም አብረዋቸው ይኖራሉ፤ እግራቸውን የሚያማቸው አሮጊት ናቸው። ቤተ እስራኤሎች ነበሩ። ከተማው ያለ እነሱ ማረሻ አያርስም፣ ያለ እነሱ ድስት ወጥ አይሠራም፤ ሲጠራቸው ግን በሌላ ስም ነበር። ያንን ስም እዚህ አልጽፈውም።

ውሻው የእነሱ ነው። ቡላ መልክ ያለው፣ አንድ ጆሮው የተቀደደ፣ ደረቱ ሰፊ ውሻ ነበር። ስም ነበረው፤ የሰዎቹን ስም ትቼ የእሱን ብጽፍ ግን አድልዎ ይሆንብኛል።

ልጅ ሳለሁ ጎንደር አንድ የውጭ አገር ሐኪም አይ ነበር። አመሻሽ ላይ ውሻውን በጠፍር ይዞ፣ እጁን ከኋላው አድርጎ፣ ምንም ጉዳይ እንደሌለው ሰው ቀስ እያለ ይሄዳል። ጉዳይ ሳይኖር መሄድ የትልቅ ሰው ነገር መሰለኝ። ዳባት ላይ ከትምህርት ቤት ስወጣ የምሄድበት ስለማጣ ያ ሐኪም ትዝ አለኝና አንድ ቀን አጥሩን ተደግፌ፣

«ጋሼ፣ ውሻውን ትንሽ ላንሸራሽረው?» አልኩት ቀጥቃጩን።

መዶሻውን አስቀመጠ። «ምን ላድርገው አልከኝ?»

«ላንሸራሽረው።»

ሚስቱ ከወዲያ ሳቋን ለቀቀችው። እሱም ሳቀ። «ውሻ እኮ ግቢ ይጠብቃል እንጂ አገር አይጎበኝም፣ መምህር። እንግዲህ ካልክ ውሰደው፤ ሲርበው ይመለሳል።»

እንዲህ ተጀመረ። በየቀኑ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም እንወጣለን። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስንደርስ ዱቄቱ አፍንጫው ውስጥ ይገባና ሦስት አራት ጊዜ ያስነጥሰዋል፤ እህል ሊያስፈጩ የመጡት ሴቶች «ይማርህ!» እያሉ ይስቁበታል። ከዚያ ልብስ ሰፊው በረንዳ ነው። ልብስ ሰፊው ቀጭን፣ ቀልደኛ ሰው ነበር፤ የቀጥቃጩ ወዳጅ ነው። የስፌት መኪናው በተሰበረ ቁጥር ብረቱን ቀጥቅጦ የሚያድንለት እሱ ነው። ሲያየን ከመኪናው ቀና ይልና፣ «መምህር፣ ዛሬ አስተማሪው የትኛችሁ ነው?» ይለኛል። ውሻው እዚያ ይተኛል፤ እኔም ወሬ እሰማለሁ። ከዚያ በአውራ ጎዳናው ዳር ዳር፣ ደባርቅ የሚሄደው አውቶቡስ አቧራውን አልብሶን ሲያልፍ ቆመን፣ ቀይ ጨርቅ በተሰቀለበት የቀበሌ ጽሕፈት ቤት በኩል አልፈን፣ ከገብስ ማሳው ጫፍ እንወጣለን። ቀኑ ከጠራ የስሜን ተራሮች ከሩቅ ሰማያዊ ሆነው ይታያሉ። ውሻው ወደ አይጥ ጉድጓድ፣ እኔ ወደ ተራራው እናያለን። ከዚያ እንመለሳለን።

መጀመሪያ ሰው ሳቀብኝ። ቆይቶ ለመደኝ። በኋላማ ውሻውን ሳልይዝ ብታይ «ታመመ እንዴ?» ብሎ የማይጠይቀኝ አልነበረም። ይኸ ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ውሻውን ከመውደዴ ይልቅ ከውሻው ጋር መታየቱን ሳልወድ አልቀረሁም።

ሁለተኛው ዓመቴ ላይ አንድ ሐሙስ፣ ጀንበር ልትጠልቅ ስትል የቀጥቃጩ ሚስት ውሻውን በገመድ አስራ መጣች። ቤቴ መጥታ አታውቅም፤ በር ላይ ቆመች።

«መምህር፣ ዘመድ ሞቶብን ወደ ቆላ ልንወርድ ነው። ይህን ለጥቂት ቀን ያዝልን።»

«እሺ፣ ምን ገዶኝ! እግዜር ያጥናችሁ።»

«ግን ከግቢህ አታውጣው። እስከ ማክሰኞ ድረስ ከበር አታስወጣው። ከዚያ በኋላ እንደ ወደድክ።»

«ለምን?» አልኳት።

ገመዱን እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ፤ እጄን ግን አልነካችውም። «ሽታችንን ይዞ ይከተለናል። አደራ፣ መምህር። አደራ በሰማይ፣ አደራ በምድር።»

ለውሻ እንዲህ ያለ አደራ አይባልም። ይኸ ያኔም ገብቶኛል። በዚያ ወራት ከየመንደሩ ቤተ እስራኤሎች በእግር ወደ ሱዳን እየወረዱ ነው የሚል ወሬ በሹክሹክታ ይናፈስ ነበር። እኔም ሰምቼዋለሁ። ለብዙ ዓመት «አላወቅሁም» እያልኩ ለራሴ ነገርኩት። አለማወቄ ግን አለመጠየቄ ነበር።

ዓርብ ውሻው ሲያለቅስ ዋለ። የሰጠሁትን አልበላም፤ ባስቀመጥኩለት ውኃ ላይ ቆሞ ወደ አጥሩ ያያል። ቅዳሜም እንዲሁ ነው። ቅዳሜ ሰንበታቸው ስለሆነ ከግቢያቸው የመዶሻ ድምፅ እንደማይሰማ ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ዝም ቢል ማንም አይጠረጥርም። ይህን ቀን አስልተው እንደመረጡት የገባኝ በኋላ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወጣ፤ ከዝናብ በኋላ የሚመጣው ዓይነት ለስላሳ ፀሐይ ነበር። ውሻው አንጀቴን በላው። እኔም ክፍሌ ውስጥ ተቀምጬ ሰልችቶኛል። «እስከ ወፍጮ ቤቱ ደርሼ ብመለስ ምን አለበት?» አልኩ። ገመዱን አጥብቄ ይዣለሁ፣ እነሱን ተከትሎ ሊሄድ አይችልም ብዬ ለራሴ ምክንያት ሰጠሁ።

ከበሬ እንደወጣን ወፍጮ ቤቱን ማን ያስታውሰዋል! ጎትቶ ጎትቶ ወደ እነሱ በር ወሰደኝ። መዝጊያውን በሁለት እግሩ እየቧጠጠ ጮኸ። ጩኸቱ የውሻ ሳይሆን የሰው ልቅሶ ይመስል ነበር። ልስበው ስታገል የቀበሌው ሊቀመንበር ከሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጋር በመንገዱ ሲያልፍ ቆመ።

«ምነው ጓድ መምህር? ሰዎቹ የሉም እንዴ?»

ያን ጊዜ «ተኝተው ይሆናል» ብል ይበቃ ነበር። «እንጃ» ብልም ይበቃ ነበር። ግን ሊቀመንበር ሲጠይቅ ቶሎ መመለስ ልማዴ ነበርና፣

«ዘመድ ሞቶባቸው ቆላ ወርደዋል» አልኩ።

«መቼ?»

«ሐሙስ ማታ።»

«አሮጊቷም?»

«ሁሉም ይመስለኛል።»

ፊቱ ተለወጠ። «ከእኔ ወረቀት ሳይወስዱ?» አለ። ለእኔ አልነበረም የተናገረው። ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እሱንም የሚያስፈሩት ነበሩ። በሩን ገፍተው ገቡ። ወናፉ በቦታው አለ፣ ገና በእሳት ያልተጠበሱ ማሰሮዎች ተደርድረዋል፣ ሰው ግን የለም። ወዲያው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሮጡ። እኔ ውሻውን ተሸክሜ ቤቴ ገባሁ፤ በእግሩ አልሄድ ብሎኝ ነበር።

ሰኞ ረፋድ ላይ ክፍል ውስጥ ሳለሁ ጫጫታ ሰማሁና በመስኮት አየሁ። ቀጥቃጩን የፊጥኝ አስረው ያመጡታል። ከኋላው እናቱ በአህያ ተጭነዋል። ሚስቱና ልጆቹ የሉም። በኋላ እንደሰማሁት አብረው የወጡት ብዙ ነበሩ፤ አሮጊቷ መራመድ ሲያቅታቸው እሱ እናቱን ይዞ ወደ ኋላ ቀረ፣ ሚስቱና ልጆቹ ከሌሎቹ ጋር አለፉ። የተላኩት ታጣቂዎች የደረሱት በኋለኞቹ ላይ ብቻ ነው።

እሱን ደባርቅ ወስደው አሰሩት። እናቱን «እርስዎ ምን ያደርጉልናል» ብለው ቤታቸው ጣሏቸው።

ከዚያ ወዲህ ሽርሽራችን ከአጥሩ ማዶ አላለፈም። በየቀኑ ውሻውን ይዤ አሮጊቷ ጋ እሄዳለሁ። እንደ ሥርዓታቸው የእኔ ወገን ያበሰለውን ስለማይበሉ ጥሬ ባቄላና ሽምብራ፣ አንዳንዴም እንጨት እየወሰድኩ ደጃፋቸው ላይ አስቀምጣለሁ። እሳቸው ከውስጥ፣ እኔ ከውጭ ሆነን እናወራለን፤ ውሻው መሀላችን ይተኛል። ስለ ልጅ ልጆቻቸው ያነሳሉ፤ ትንሿ መራመድ የጀመረችው ዘግይታ ነው፣ አሁን ይህን ሁሉ አገር በእግሯ አቋረጠችው ይሉና ይስቃሉ፣ ደግሞ ያለቅሳሉ።

አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ፣ «ልጄ፣ አንተ ከሰው ትውላለህ» አሉኝ። «ማን ነው የነገረብን?»

ውሻው ጭራውን ሲያወዛውዝ አየሁ።

«አላውቅም፣ እማማ» አልኩ።

«ማንም ይሁን እግዚአብሔር ይማረው። ልጄ ተፈትቶ ባየው ለእኔ ይበቃኛል» አሉ።

አላዩትም። ክረምቱ ሳይገባ አረፉ። ከሌላ መንደር የመጡ ጥቂት ወገኖቻቸው ቀበሯቸው። እኔ ከሩቅ ውሻውን ይዤ ቆሜ ነበር፤ ቅረብ ያለኝ የለም፣ ሂድ ያለኝም የለም።

ቀጥቃጩ የተፈታው ክረምቱ አልፎ ገብሱ ሲያሸት ነው። ጠጉሩ ሸብቷል። ውሻው ሲያየው መሬት ለመሬት እየተሳበ ሄዶ እግሩ ሥር ተኛ። እሱም ቁጢጥ ብሎ ብዙ ጊዜ አንገቱን ሲያሻሸው ቆየና ቀና ብሎ፣ «እስቲ ዛሬ እኔም ልንሸራሸር» አለኝ።

ሦስታችን ወጣን። ልነግረው ቆርጬ ነበር። እስር ቤት ሳለ ሌሊቱን ሁሉ ቃሉን ስደረድር ነው የከረምኩት። ገብስ ማሳው ጋ ስንደርስ ግን ቀደመኝ።

«እናቴን የጠየቅሃት አንተ ነህ። ወገኖቼ ነግረውኛል። ውለታህን በምን እከፍለዋለሁ?»

«ጋሼ፣ አንድ ነገር...»

«ግዴለም፣ አውቀዋለሁ» አለኝ። «የነገረብንን ሰው አውቀዋለሁ። ልብስ ሰፊው ነው። ሐሙስ ስንወጣ ከበረንዳው ያየን እሱ ብቻ ነው። ‹ወዴት ነው በደህና?› ብሎ ጠይቆናል። ወዳጄ ነበር።»

«አይመስለኝም» አልኩ። ያወጣሁት ቃል ይህ ብቻ ነው፤ እሱንም በለሆሳስ።

«አንተ ደግ ስለሆንክ ሰውን ሁሉ እንደ ራስህ ታያለህ» አለኝና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ከዚያች ደቂቃ በኋላ ያለው ዝምታዬ ከመጀመሪያው ጥፋቴ ይብስ ነበር። መጀመሪያ ያጠፋሁት ሳላስብ ነው፤ ይህን ግን እያየሁ፣ እያወቅሁ አጠፋሁ። አንዴ እንደ ወዳጅ ከቆጠረኝ ያንን ወዳጅነት ማጣት አልቻልኩም።

ልብስ ሰፊው መቀሱን ሊያስሞርድ ሲመጣ ቀጥቃጩ ጀርባውን ይሰጠዋል። ሰላም ሲለው አይመልስለትም። አንድ ቀን በበረንዳው ሳልፍ ልብስ ሰፊው ጠራኝ። የወትሮ ቀልዱ ጠፍቷል።

«መምህር፣ አንተ ትቀርበዋለህ። ምን አድርጌው ነው? ቢነግረኝ እክሳለሁ።»

«መከራው አስመርሮት ይሆናል፤ ይተወዋል» አልኩና አለፍኩ።

በሚቀጥለው ዓመት ወደ ወሎ ተዛወርኩ። ውሻው ከዚያ በፊት አርጅቶ ሞተ። የደርግ መውደቂያ ሲቃረብ ቀጥቃጩም አዲስ አበባ ገብቶ፣ ከዚያ ሚስቱና ልጆቹ ወዳሉበት አገር እንደሄደ ሰማሁ። ልጆቹ አድገው፣ አባታቸውን በመልክ ሳያውቁት ተቀበሉት አሉ። እነዚያን ዓመታት የበላሁት እኔ ነኝ።

ዳባትን እንደገና ያየኋት ጠጉሬ ሲመለጥ ነው። ለሥራ ወደ ደባርቅ ስሄድ አውቶቡሱ ለምሳ እዚያ ቆመ። ልብስ ሰፊው በዚያው በረንዳ ላይ፣ መነጽር አድርጎ ተቀምጧል። ድምፄን ሲሰማ አወቀኝ፤ ተነሥቶ ሳመኝ። ሳልቀመጥ ነገርኩት፤ ከሐሙስ ጀምሮ እስከ ገብስ ማሳው ድረስ ምንም ሳላስቀር ነገርኩት።

መርፌውን እንደያዘ ሰማኝ።

«ለእሱስ ነገርከው?» አለኝ በመጨረሻ።

«የት እንዳለ አላውቅም።»

«ሊሄድ ሲል ልሰናበተው ሄጄ ነበር» አለ። «በር አልከፈተልኝም። ያን ጊዜ ብትነግረን ኖሮ ተላቅሰን እንለያይ ነበር።»

ጨርቁን ከስፌት መኪናው መርፌ ሥር አስገባና እግሩን መርገጫው ላይ አደረገ።

«በል ሂድ፣ አውቶቡሱ እንዳያመልጥህ» አለኝ።

ቅር ብሎት ይሁን ይቅር ብሎኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።