ለፈረንሳይ ልዕልት የተቀመጠ ለቅሶ

እታለም አሜሪካ፣ ግሌንዴል ከተማ ውስጥ ስድስት ዓመት ያስታመመቻቸው አሜሪካዊት አሮጊት፣ ሚስስ ዶሪስ፣ ሲሞቱ ልጆቻቸው ለቀብር እንኳ አልጠሯትም። «ይህቺን ለአንቺ ትታልሻለች» ብለው አንድ የእርሳስ ስዕል አስታቅፈው ሸኟት። የተሳለችው ከአገሯ የተባረረች የፈረንሳይ ልዕልት ናት፤ ጥቁር ለብሳ አንገቷን ደፍታለች።

እታለም ስዕሏን ይዛ አውሮራ ከተማ ወዳለው ቤቷ ገባች። እንባ ግን እምቢ አላት። ሴትዮዋ ዘመድ አይደሉ፣ የአገር ሰው አይደሉ፤ ለማን ተብሎ ለቅሶ ይቀመጣል? ሐዘኑ ውስጧ ተሰንቅሮ ቀረ።

አፓርትመንቱ ሚስማር መምታት ይከለክላልና ልዕልቲቱን ጠረጴዛ ላይ ግድግዳ አስደግፋ አቆመቻት። ከሟቿ ክፍል ያመጣችውን አበባም ፊቷ አስቀመጠች።

እሑድ ጎረቤቷ ሰርካለም ብቅ አለች። ጥቁር የለበሰች ሴት ጠረጴዛ ላይ፣ አበባ ከፊቷ፣ እታለም ዓይኗ ጎድጉዶ! የእኛ ሰው ከዚህ በላይ ማስረጃ አይጠይቅም። ሰርካለም ከበሩ ተመልሳ ለዕድሩ ግሩፕ ቴክስት አደረገች፦ «እታለም ትልቅ ሰው ሞቶባት ደብቃናለች።»

ሰዓት ሳይሞላ የዕድሩ ታጣፊ ወንበር ገባ፣ ውሃ በካርቶን ገባ፣ ሽሮ በድስት ገባ። ሰብሳቢው አቶ ውድነህ ባርኔጣቸውን አውልቀው ለልዕልቲቱ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ። ምስኪን፣ ከተሰደደች ወዲህ እንዲህ ያከበራት ሰው ያለ አይመስለኝም።

«ቁርጥ አንቺን እኮ ናቸው!» አለች ሰርካለም ደረቷን እየመታች። «አፍንጫቸውን እዩት!»

«ቀይ ነበሩ እንዴ?» አለ ታክሲ ነጂው ሮቤል።

«ቀይ ዳማ» አሉ አቶ ውድነህ፣ አብረው ያደጉ ይመስል።

«ኧረ እኔ አላውቃትም! ፈረንሳይ ናት!» አለች እታለም።

«ሐዘን ነው የሚያስለፈልፋት፤ ውሃ ስጧት» አለች ሰርካለም።

ሳቋ መጣ። አፏን በነጠላዋ ይዛ ልትስቅ ስትል ግን ያ የተሰነቀረው ነገር ቀድሞ ወጣ። እሪ አለች። ማንም አልደነገጠም፤ የመጡት ለዚሁ ነው።

ትንሽ ስትረጋጋ አቶ ውድነህ ለጸሎት ቆሙ። «የሟችን ስም ማን ልበል?»

«ዶሪስ» አለች እታለም። «አሜሪካዊት ናቸው። ምኔም አይደሉም። ስድስት ዓመት ያጠብኳቸው፣ ያጎረስኳቸው እኔ ነኝ።»

ሮቤል ልዕልቲቱን አየ፣ ሰርካለምን አየ። አቶ ውድነህ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የዶሪስን ነፍስ ይማር» አሉ።

«ነፍስ ይማር!» አለ ቤቱ ሁሉ።

ሰርካለም ወንበሯን ሳብ አድርጋ ተጠጋቻት። «እስቲ ንገሪን፣ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?»

እታለም ነገረቻቸው። የዕድሩ ወንበር እስከ ሦስተኛው ቀን አልታጠፈም።