የልጄ ቤት ኔትወርክ

ልጄ ኮክረን የምትባል ከተማ ቤት ገዝታ ከገባች በኋላ ስልኳ አስቸገረኝ። ስደውል ይጠራ ይጠራና ይቆማል። ካነሳችም፣ "አባዬ፣ እዚህ ሲግናል የለም፣ ኮሉ ይቆረጣል፣ ቆይቼ ልደውል" ትላለች። ቆይታ አትደውልም። እኔም አምኛት ኔትወርኩን ስሰድብ ከረምኩ።

እኔ የምኖረው ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ፣ ሳድል ሪጅ ሰፈር ነው፣ አንድ ቤተሰብ ከመሬት በታች ያለውን ቤዝመንቱን አከራይቶኝ። ኮክረን ደግሞ ከተማውን ጨርሶ አቋርጠው ወደ ተራራው በኩል ነው። በመኪና ሩቅ አይደለም፤ ሳይጠራ ለሚሄድ ሰው ግን ሩቅ ነው። ሚስቴ ከሞተች ሦስት ዓመት አልፏል። ዕድሜ ልኬን መኪና ነድቼ እቃ ሳመላልስ ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ትምህርቴ ትንሽ ነው። አማርኛውን እየተንገዳገድኩ አነባለሁ፣ የእንግሊዝኛውን ቁጥሩን እንጂ ቃሉን አልችልም። ይህንንም በደብተር የጻፍኩት ራሴ ነኝ፤ ፊደሉን ሌላ ሰው አርሞልኛል፣ ነገሩን ግን እንዳይነካብኝ አስጠንቅቄዋለሁ።

እንግሊዝ አገር የሚኖር አንድ ጓደኛ አለኝ። በወጣትነታችን አንድ ጋራዥ ውስጥ ነው የሠራነው። እሱ እዚያ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ወጣ። ሌላው ሰው ጡረታ ሲወጣ ዓሣ ያጠምዳል፣ አትክልት ይተክላል፤ እሱ ኔትወርክ መለካት ያዘ። እንደሱ ያሉ ብዙ ሰዎች አሉ አለኝ። ማንም አይከፍላቸውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ዳቦ በከረጢት ይዘው፣ ሁለት ሦስት ስልክ በኪሳቸው ከተው ኮረብታ ይወጣሉ። የቱ ኩባንያ የት ድረስ ይደርሳል፣ የት ላይ ይጠፋል እያሉ ይለኩና ካርታ ላይ ያስቀምጣሉ። አንድ መንደር አዲስ የስልክ ምሰሶ ቆመ ከተባለ ሠርግ እንደተጠራ ሰው ተያይዘው ይሄዳሉ። ከዚያ ውጤቱን ይዘው ይጣላሉ።

"ሥራ ፈቶች ናችሁ" አልኩት መጀመሪያ ሲነግረኝ።

"አንተስ ምን ይዘሃል?" አለኝ።

አንድ ቀን የልጄን ስልክ ነገር እያማረርኩ ስነግረው፣ "ማልቀሱን ተውና ለካው" አለኝ። በድምፅ መልእክት፣ ይህን ንካ ያንን ንካ እያለኝ፣ መለኪያውን ስልኬ ላይ አስገባሁ። ክብ ነገር አለው፣ ሲጫኑት እንደ መኪና ፍጥነት መቁጠሪያ መርፌው ይሮጣል። ሲያበቃ ሦስት ቁጥር ያወጣል። አንዱ ወደ አንተ የሚመጣው ፍጥነት ነው፣ አንዱ ከአንተ የሚሄደው ነው። ሦስተኛው አልገባ ብሎኝ ሁለት ቀን ጨቀጨቅኩት።

"ሰው ጠርተህ አቤት እስኪልህ ድረስ ያለው ጊዜ ነው" አለኝ በመጨረሻ። "የቀረበ ሰው ቶሎ አቤት ይላል። ይህ ቁጥር ሲያንስ ነው ጥሩው።"

ያን ጊዜ ገባኝ።

አንድ ወር ሙሉ ለካሁ። ጠዋት ስነሳ፣ ቀትር ላይ፣ ማታ ሳልተኛ። ቁጥሩን ደብተር ላይ እየጻፍኩ፣ የደብተሩን ገጽ ፎቶ እያነሳሁ ለጓደኛዬ እልክለታለሁ። እሱ፣ "የምን ጉድ ነው፣ ካልጋሪ ከመሬት በታች እንዲህ ይይዛል እንዴ?" እያለ ይገረማል። እኔም ኮራሁ። በኋላ ምን ሆነ፣ አንድ ቀን የስልኬን ገጽ ራሱን ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። በሳቅ ሞተ።

"አንተ ሰውዬ፣ ይህ እኮ የስልኩ ኔትወርክ ሳይሆን የአከራይህ ዋይፋይ ነው። ወር ሙሉ የሰው ሳሎን ነው ስትለካ የኖርከው።"

ስድስት ገጽ ነበር። ቀድጄ አልጣልኩትም፣ ሰረዝኩበት። ዋይፋዩን አጠፋሁና እንደገና ከአንድ ጀመርኩ።

ከዚያ ወዲህ መውጣት ለመድኩ። ቁርሴን በልቼ ባቡር ጣቢያው ጋ እለካለሁ። ከዚያ መኪናዬን አስነስቼ ሬድስቶን እሄዳለሁ፣ አዲስ ቤት የሚሠራበት ጫፍ፣ ትልቁ መንገድ አጠገብ። እዚያ ገና ሰው ያልገባባቸው ቤቶች አሉ። ኔትወርኩ ባዶ መንገድ ነው፣ ማንም ስለማይጠቀምበት ይበራል። ብርዱ ሲጠና ባትሪው በአንዴ ድርግም ይላል። ስለዚህ ስልኩን ብብቴ ውስጥ አሞቀዋለሁ፣ አውጥቼ እጫናለሁ፣ ቁጥሩን አያለሁ፣ ቶሎ እመልሰዋለሁ። እስክሪብቶም ስለሚቀዘቅዝ በእርሳስ ነው የምጽፈው።

አንድ ጠዋት እንዲሁ መንገድ ዳር ቆሜ ስልኬን ወደ ላይ ይዤ ሳለሁ፣ አንዲት ወጣት መኪናዋን አጠገቤ አቁማ መስኮቱን ዝቅ አደረገች። ከፊቴ አውቃኛለች መሰል በአማርኛ ነው የተናገረችው።

"ጋሼ፣ ጠፍተው ነው? ራይድ ልስጥዎት?"

"አልጠፋሁም። ኔትወርክ እየለካሁ ነው።"

"ዋው። ጆብ ነው?"

"አይደለም፣ የራሴ ነው።"

ትንሽ አየችኝ። "ብርዱ ማይነስ ትዌንቲ ነው እኮ ጋሼ። ቤት ሰው አለ?"

"ሰው ሞልቷል" አልኳት። ሄደች። ለምን እንዲያ እንዳልኳት አላውቅም። የዚያን ቀን ቁጥሩን ሳልጽፍ ቀረሁ።

ልጄ ጋ ስደውል አሁን የምጠይቀው ነገር ነበረኝ። በፊት አልነበረኝም። እናቷ በሕይወት ሳለች ስልክ የእናቷ ነበር። ሁለቱ አንድ ሰዓት ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ወጥ እስኪያርር ይረሳሉ። ሲጨርሱ ሚስቴ፣ "በል፣ ልጅህን ሰላም በል" ብላ ትሰጠኛለች። እኔ፣ "ደህና ነሽ? ሥራ ደህና ነው? በይ በርቺ" እላለሁ፣ አበቃ። በእኛ ቤት አባት ስልክ የሚሰጠው መጨረሻ ላይ ነው። ወሬው አልቆ ምርቃቱ ብቻ ሲቀር ነው። እሷ ከሞተች በኋላ ስልኩ ከመጀመሪያው እኔ እጅ ላይ ወደቀ። መጨረሻውን እንጂ መጀመሪያውን አላውቀውም ነበር።

አሁን ግን ስታነሳ፣ "ስንት ባር ይላል?" እላታለሁ፣ ስልኩ ላይ የሚታዩትን የሲግናል መስመሮች ማለቴ ነው።

"አይ ዶንት ኖው አባዬ። ሁለት።"

"መስኮቱ ጋ ሂጂ እስኪ።"

"...ሦስት።"

"ባለፈው ሁለት ነበር። ጥሩ ነው፣ እየተሻሻለ ነው። በይ በርቺ።"

እጽፈዋለሁ። ለእሷ ገጽ ለይቼላት ነበር። ለልጄ አንድ ነገር እየሠራሁላት ነው ብዬ ነበር የማስበው። ማስረጃውን ሰብስቤ ኩባንያው ዘንድ ሄጄ ልሟገትላት ሁሉ አስቤ ነበር።

ባለፈው የበረዶ ወራት መጨረሻ ላይ ነው፣ ራሴ ሄጄ ልለካው ብዬ ተነሳሁ። ሳልነግራት ነው የሄድኩት። ቤቷ ፊት ለፊት መንገዱ ማዶ መኪናዬን አቆምኩ። ዋይፋዬ መጥፋቱን ሁለት ጊዜ አየሁ። ተጫንኩት። መርፌው እስከ ጫፉ ሄደ። ስህተት ነው ብዬ ደገምኩት፣ መኪናዬን ወደፊት ወስጄ ሠለስኩት። በሳድል ሪጅም በሬድስቶንም እንደዚያ ያለ ቁጥር አይቼ አላውቅም። ያ ሦስተኛው፣ አቤት የሚለው፣ እንደ ጎረቤት ነው የመለሰው።

የእሷ መኪና ደጅ ላይ ነበረች። ቤት ናት ማለት ነው። አላንኳኳሁም። አዙሬ ተመለስኩ።

እኔ ግትር ሰው ነኝ፣ ሚስቴም ይህን እያለች ነው የሞተችው። ካሁን በኋላ አልደውልም አልኩ። አንድ ሳምንት ሞላ፣ ሁለት ሳምንት ሞላ። እሷም አልደወለችም። ለጓደኛዬ ነገሩን የነገርኩት በሦስተኛው ሳምንት ነው፣ ለእሱም አፍሬ ነበር።

"የት ሆነህ ነው የለካኸው?" አለኝ።

"መንገድ ላይ፣ መኪና ውስጥ።"

"ታዲያ መንገዱን ለካህ እንጂ ቤቱን መቼ ለካህ? ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው። የአዲስ ቤት መስኮት እኮ ሙቀት እንዳያወጣ ስስ ብረት ይቀባል። ደጅ ላይ አምስት ባር ሆኖ ውስጥ ምንም የማይገባበት ቤት ስንት አለ መሰለህ። ግባና ለካ።"

ይህን ሲለኝ የተሰማኝን ልናገር፤ እንደ ምሥራች ነው የሰማሁት። ልጄ አልዋሸችኝም፣ መስታወቱ ነው። በዚያው ቅዳሜ ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ፣ ቁጥሩ መጥፎ እንዲሆን እየለመንኩ ነበር የነዳሁት። አምላክን ኔትወርክ አጥፋልኝ ብሎ የለመነ ሰው ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

አንኳኳሁ። ከፈተችልኝ። ፊቷ ደነገጠ።

"አባዬ? ምን ሆንክ?"

"ምንም። ልለካ ነው።"

ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ባሏ ሥራ ነበር። መጀመሪያ ሳሎኑን ለካሁ። ሄደ መርፌው። ወጥ ቤት ገባሁ፣ ሄደ። መኝታ ቤቷ በር ላይ ቆሜ ለካሁ። ከኋላዬ ትከተለኛለች።

"አባዬ፣ ዋት አር ዩ ዱይንግ?"

"ቤዝመንቱ በየት ነው?"

አሳየችኝ። ወረድኩ። ልብስ ማጠቢያው አጠገብ፣ ከሁሉም በራቀው ጥግ ቆሜ ተጫንኩት። እዚያ ቀዘቀዘ ትንሽ፣ ግን ለመነጋገር ከበቂ በላይ ነበር። ቀና ስል ደረጃው ላይ ተቀምጣለች።

"ኔትወርኩ ፕሮብለም የለውም አባዬ" አለች።

"አየሁት።"

ማጠቢያው ይዞራል።

"እማዬ ከሞተች በኋላ" አለች፣ "ትደውልና ዝም ትላለህ። እኔም ምን እንደምል አላውቅም። ዝም ስትል ደግሞ... እማዬ አጠገብህ ያለች ይመስለኛል፣ አሁን ስልኩን የምትቀበልህ። ኢት ዋዝ ቱ ማች። እና ሲግናል የለም አልኩህ። ከዚያ ደግሞ ስንት ባር ነው፣ ስንት ባር ነው ማለት ጀመርክ።"

"ላስተካክልልሽ ብዬ ነው።"

"አውቃለሁ። ግን ያን ጊዜ ሥራ ለቅቄ ነበር፣ በዲሴምበር። ልነግርህ ብዬ ስልኩን አነሳሁ። ባር ጠየቅከኝ። ባሩን ነገርኩህ። ጥሩ ነው አልክና ዘጋህ።"

"ስንት ነበር?" አልኳት።

ምን እንዳልኩ ያወቅኩት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። አየችኝ። ከዚያ ሳቀች፣ እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ።

"አራት" አለች።

አራት መሆኑን አስታውሳለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር የጻፍኩት።

ሻይ አፈላች። ወጥ ቤት ተቀመጥን። ሥራ አገኘሽ ወይ ብዬ ጠየቅኋት፣ አግኝታለች። የቀድሞውን ለምን ለቀቅሽ አልኳት፣ አለቃዋ እንዴት እንደነበረ ነገረችኝ፣ ግማሹ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ግማሹን ነው የሰማሁት። አላቋረጥኳትም። ስትጨርስ፣ "እኔ በስልክ ማውራት አልችልበትም፣ እናትሽ ነበረች" አልኳት።

"እኔም አልችልበትም" አለች። "ሺ ዋዝ ዱይንግ ኦል ዘ ወርክ።"

ይህ ግን ገባኝ፤ ሥራውን ሁሉ ስትሠራልን የነበረችው እሷ ናት።

ጓደኛዬ ውጤቱን ሲጠይቀኝ እውነቱን ነገርኩት። ከዚያ፣ "ቁጥሩን ለማንኛውም ላክልኝ" አለኝ። አልላክሁለትም።

አሁንም እለካለሁ። ወጥቼ ካልተመለስኩ ቀኑ አያልቅልኝም። ኮክረንን ግን ከደብተሩ አውጥቻለሁ። ከልጄ ጋር እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንድንደዋወል ተስማምተናል፣ አንድ ጊዜ እሷ አንድ ጊዜ እኔ። ባር አልጠይቃትም፣ ምላሴ ላይ ሲደርስ እውጠዋለሁ። ከዋጥኩት በኋላ ምን እንደምል ግን እስካሁን አልለመድኩም። በረዶው ወረደ እላለሁ። ምን በላሽ እላለሁ። እሷም ትታገላለች። አምስት ደቂቃ ከሞላን ብዙ ነው።

ተራዋ ሆኖ የማትደውልበት እሑድ አለ። ትረሳ ይሆናል፣ ይከብዳት ይሆናል፣ እንግዳ ይኖርባት ይሆናል። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ እስኪመሽ እቀመጣለሁ። ድሮ በእንዲህ ያለ ቀን ተነስቼ ኔትወርኩን እሰድብ ነበር፣ ተሳድቤ ይወጣልኝ ነበር። አሁን የሚሰደብ የለኝም። ኮክረን ያለው ኔትወርክ ምን ያህል ደህና እንደሆነ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው የለም።