በግራ እጄ የያዝኩት ቁልፍ

መጀመሪያ የነዘረኝ የእግሬ ጣት ነው። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ማመልከቻና ውል በኮምፒዩተር እየጻፍኩ ስለምኖር፣ መቀመጥ ያመጣው ነው ብዬ ናቅሁት። ሳምንት ሳይሞላ ጉልበቴ ከዳኝ፤ ከዚያ ጣቶቼ ቁልፍ መጫን አቃታቸው።

ደሴ የመረመረኝ ሐኪም፣ «ጊላን ባሬ ሲንድረም ይባላል። የሰውነትሽ መከላከያ የገዛ ነርቭሽን እየጎዳ ነው። ትንፋሽሽን በቅርብ እንከታተላለን» አለኝ።

የፊቴ ጡንቻ ዛለ። ውሃ ትን አለኝ። እጄ አልታዘዝ አለ። ግን ሆስፒታል ተኝቼ ታከምኩ፤ አልሞትኩም።

ቤቴ ገብቼ ፊዚዮቴራፒ ስጀምር የሰሜኑ ጦርነት ሐይቅ ደረሰ። መንገዱ ተዘጋ። ስልክ ጠፋ። ጎረቤቱ በአቅራቢያችን ወዳለው የአርዲቦ ገጠር ሸሸ። እኔ መራመድ አልችልም። ከጎረቤት የቀሩልኝ እትዬ ዘይነባ ብቻ ነበሩ፤ ጠዋት ገንፎ አጉርሰውኝ፣ «አብሽሪ፣ አላህ ያሽርሻል» ብለው የታመመ ባላቸውን ሊያዩ ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ጣሪያ ሳይ እውላለሁ። ብቸኝነቱ ከበሽታው ባሰብኝ።

ስልክ ሲመለስ ሪያድ የምትሠራው እህቴ ሩቅያ ደወለች። አንደበቴ ይጎተት ስለነበር ድምፄን ስትሰማ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ስልኳን አላነሳሁም፤ መልእክት የሚጽፉልኝ እትዬ ዘይነባ ሆኑ። «ደህና ነኝ በሏት» እላለሁ። በሰው እጅ «ፈርቻለሁ» ብሎ ማስጻፍ ከበደኝ። የምመኘው አንድ ነገር ነበር፤ ለእህቴ ራሴ መጻፍ።

መንገዱ ሲከፈት የተመለሰው ፊዚዮቴራፒስቴ፣ «ሁሉንም የኪቦርድ ቁልፍ መድረስ ካቃተሽ ቁልፉን እንቀንሰዋ! የጌም ጆይስቲክ አስመጪ» አለኝ። ሩቅያ፣ «በዚህ ዕድሜሽ ጌም?» ብላ ቀልዳ ወደ አገር በሚገባ ሰው ላከችልኝ።

የጆይስቲኩን ቁልፎች ለፊደል የሚመድብ ፕሮግራም ኮምፒዩተሬ ላይ ጫንኩ። በጆይስቲኩ ላይ ያሉት ጥቂት ቁልፎች ብቻቸውን ሲጫኑ አንድ ረድፍ ፊደል ይጽፋሉ፤ መያዣ ካልኳቸው ቁልፎች አንዱን ይዤ ስጫናቸው ሌላ ረድፍ ይሆናሉ። ደርብ በደርብ ነው።

የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። በቀኝሽ ብዪ፣ በቀኝሽ ስጪ ተብዬ ስላደግሁ፣ ለሰው የሚሄድ ነገር በግራ መሥራት ነውር መሰለኝ። የተሻለው ግራ እጄ ሆኖ ሳለ መያዣዎቹንም ፊደሎቹንም ቀኜ ላይ ከመርኳቸው። የእጄ አንጓ አበጠ፤ አንድ ቃል ሳልጨርስ እተወዋለሁ።

ፊዚዮቴራፒስቱ አይቶ፣ «ግራሽንስ ማን ፈጠረው?» አለኝ።

አፈርኩ፤ ሳቄም መጣ። እብጠቱ እስኪጎድል አርፌ መያዣዎቹን በሙሉ ወደ ግራ አዛወርኳቸው፤ ግራዬ ደርቡን ሲይዝ ቀኜ ቀስ ብሎ ፊደሉን ይመርጣል፣ እንዲህ እየተረዳዱ ከብዙ መሳሳትና ማጥፋት በኋላ አንድ መልእክት ወጣልኝ፦ «ሩቅያ፣ እኔው ነኝ። ብቻዬን ስሆን በጣም ፈርቼ ነበር።»

መልሷ፣ «እኔም እዚህ ብቻዬን ነኝ። ደህና ነኝ የምልሽ እንዳትጨነቂ ነው» ይላል። አነበብኩት፣ አለቀስኩ።

አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ በምርኩዝ እሄዳለሁ። ያከሙኝንና ያጎረሱኝን አላህ ይስጥልኝ። እናንተም እግራችሁ ነዝሮ ድካሙ ወደ ላይ ከወጣ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ደህናው እጃችሁ የትኛውም ይሁን፣ ሥራውን ለእሱ ስጡት። እስክትድኑም ከምትወዱት ሰው አትደበቁ። እኔ አሁንም ስጽፍ ቀርፋፋ ነኝ፤ ሩቅያ ግን ትጠብቀኛለች።