ትከሻዬን ይዤ ልቅሶ ቤት

በኮቪድ ሰሞን ነው። እዚህ ውጭ አገር በምሠራበት ሆቴል የእንግዳ ሻንጣ ሳነሳ ትከሻዬ ተያዘ። ኢንሹራንሴ የሚሸፍነው ስፔሻሊስት ቀጠሮው ከወራት በኋላ ሆነ፤ «ሌላ ጋ ከሄድክ ከኪስህ ነው» አሉኝ።

ጓደኛዬ፣ «ኢንስፒራዳ ሰፈር ልቅሶ አለ። አንድ ሐበሻ የአጥንት ሐኪም እዚያ አይጠፋም፤ ብቅ በልና አማክረው» አለኝ።

ማስኬን አድርጌ ሄድኩ። «እግዜር ያጥናችሁ» ብዬ ሐኪሙ አጠገብ ልቀመጥ ስል፣ ሐዘንተኛው ሰውዬ ያዝ አደረገኝ።

«በምን ታውቃቸዋለህ?»

«አብረን ሠርተናል» አልኩና በረጅሙ ተነፈስኩ።

«ከእናቴ ጋር? እናቴኮ ከአገር ቤት ወጥታ አታውቅም!»

ወደ በሩ ዞር አልኩ። ሰውዬው ትከሻዬን የያዘውን እጄን አየና ጠጋ አለኝ።

«በል ተራ ያዝ። እነዚህ ሁለቱ ለጉልበታቸው ነው የመጡት። አንተ ከእኔ ወገብ ቀጥሎ ነህ።»