ሙሽራውን በሳይክል ያመጣን ዕለት

ጦርነቱ ከአካባቢያችን በወጣ በዓመቱ የሆነ ነገር ነው። ወሩ ጥር፣ ቀኑ ሐሙስ። ይህን ያህል የማስታውሰው አእምሮዬ ስለት ሆኖ አይደለም። በኛ አገር ጥርና ሐሙስ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ሕፃን እንኳ ያውቃል፤ እኔ ብቻ ዘንግቼው ነበር። ዛሬም ሳይክል ላይ በወጣሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ብቻዬን ስስቅ ያየኝ ሰው ምን እንደሚል አላህ ይወቅ።

ሰዓዳ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ሐይቅ ከተማ ነው። እንደ ብዙዎቹ እኩዮቼ ዐረብ አገር ሄጄ ሰው ቤት ሠርቻለሁ። ሳይክል የለመድኩትም እዚያ ነው፤ የአሠሪዎቼ ልጆች ጥለውት የዛገውን እያነሳሁ ግቢ ለግቢ እዞርበት ነበር። በእረፍት ቀኔ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ስወጣ እንግዶች ሳይክል ተከራይተው በውሃው ጥግ ሲንሸራሸሩ አያለሁ። ዛፍ የለ፣ ተራራ የለ፣ አሸዋ ብቻ። «ያረቢ፣ እነዚህ ሰዎች የኛን ሐይቅ ቢያዩ ምን ሊሉ ነው?» እያልኩ እቀና ነበር።

አገሬ ስመለስ እንግዳ በሳይክል ሐይቁን ላስጎበኝ የሚል ሐሳብ ይዤ ተመለስኩ። ጦርነቱ መጣና ሁሉም ነገር ቆመ። ሰላም ሲሆን ሐሳቡ እንደገና ተነሳብኝ፤ እንግዳ የሚባል ነገር ግን የለም። የአገራችን ስም ሲነሳ ሰው የሚያስታውሰው ውሃውን ሳይሆን ተኩሱን ነው። በዚህ መሀል ዐረብ አገር ያሉት የቀድሞ አሠሪዎቼ ቪዛ ላኩልኝ። ትልቅ ሻንጣ ገዝቼ በሩ ኋላ አቆምኩት። እናቴ ሻንጣውን ቀና ብላ አታየውም ነበር። ቤት ስትጠርግ እንኳ ዙሪያውን ጠርጋ ታልፈዋለች።

«አንድ ጊዜ ልሞክር። ካልሆነ እሄዳለሁ» አልኳት። እሷም «ኢንሻአላህ» አለች። ለየቱ ኢንሻአላህ እንዳለች አልጠየቅኋትም።

ተስፋዬ የሚባል ሳይክል ጠጋኝ ጓደኛ አለኝ። ለከተማው ልጆች ሳይክል የሚያከራይ፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ ሰው ነው። እኔና እሱ የሐይቁን ዙሪያ አሰስን። ጠዋት የአምባሰል ተራሮች ውሃው ላይ የሚታዩት የት ላይ ሲቆሙ እንደሆነ ለየን። ከብቶች ውሃ የሚወርዱበትን ሰዓት አጠናን። በሽምብራ ማሳ ለማለፍ ባለቤቶቹን አስፈቀድን። ክፉ ውሻ ያለበት ቤት ሁሉ ዳቦ ይዤ እየሄድኩ ከውሾቹ ጋር ተዋወቅሁ። የሰፈሩ ሰው «ሰዓዳ ከዐረብ አገር መጥታ ውሻ ትዘይራለች» እያለ ሳቀብኝ።

በመጨረሻ አዲስ አበባ እንግዳ የምታስጎበኝ ፀዳለ የምትባል ሴት መንገዱን አይታ ልትወስን ሁለት ጓደኞቿን ይዛ መጣች። ጠንቃቃ ሴት ናት፤ ከመኪና እንደወረደች የጠየቀችኝ ስለ ሐይቁ ሳይሆን «ሰላም ነው አይደል?» ብላ ነው። «ሰላም ነው፣ አብሽሪ!» አልኳት። እሷ እሺ ካለች እንግዳ ይመጣል፣ እኔም እቀራለሁ። እምቢ ካለች ሻንጣዬን አነሳለሁ።

እንዲያምርልኝ ብዬ በአምስቱም ሳይክሎች መሪ ላይ ቀይና አረንጓዴ ሪባን አሰርኩ። ተስፋዬ አይቶኝ «ሰርግ አስመሰልሽው» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሁለታችንም ቂሎች!

ጠዋቱ ልብ ያፈካል። ውሃው ጸጥ ብሏል፤ ወፎቹ ከቄጠማው ግር ብለው ይነሳሉ። አንድ ዓሣ አስጋሪ ከታንኳው ላይ እጁን አወዛወዘልን። ፀዳለ ፊቷ እየተፈታ፣ እንደ ልጅ ደወሏን እያንቃጨለች ትነዳለች። በደስታ ልበር ምንም አልቀረኝም። ከሐይቁ ማዶ ያለችው መንደር አጠገብ ስንደርስ ግን፣ ከመንደሩ ጉብታ ላይ፦

ጧ! ጧ!

ሳይክሉን መቼ እንደለቀቅሁት አላውቅም። ራሴን ያገኘሁት ቦይ ውስጥ በደረቴ ተኝቼ ነው። ተስፋዬ ከጎኔ «እመቤቴ ማርያም!» ይላል። ያሳለፍነው ጊዜ ሰውነታችን ውስጥ አለ፤ እግር ከራስ ቀድሞ ያስታውሳል። ፀዳለና ጓደኞቿ የሽምብራው ማሳ ውስጥ ተነጥፈዋል። «አለቀልኝ፣ አለቀልኝ» እላለሁ በሆዴ፤ የሞትኩ ስለመሰለኝ ይሁን ስለ ሻንጣው፣ ዛሬም አልለየሁትም።

ከዚያ እልልታ ተሰማ።

ቀና ስል ከመንደሩ ሴቶች ከበሮ ይዘው ይወርዳሉ፤ ጠብመንጃ የያዘ ጎረምሳ ከፊት ፊት ይዘላል። አጠገባችን ሲደርሱ ከበሮው ቀጥ አለ። ጎረምሳው በአፈር የተለወሰውን ፊታችንን እያየ «ሙሽራው የቱ ነው?» አለ።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ሰርግ ነው! ጎረምሳው እህቱን ሊድራት ሙሽራ ጠባቂ ሆኖ ጉብታ ላይ ተቀምጦ፣ በሪባን ያሸበረቀ ሰልፍ ደወል እያንቃጨለ ሲመጣ ሲያይ የሙሽራው አጃቢ መስሎት በደንቡ ተኩሶ መቀበሉ ነው። ስለ ውሻው፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ማሳው የጠየቅሁ ሴትዮ በጥር ሐሙስ ሰርግ አለ ወይ ብዬ አልጠየቅሁም!

ፀዳለ ግን አልሳቀችም። ልብሷን አራገፈች። «ሰዓዳ፣ ይበቃኛል። ወደ ከተማ መልሺኝ» አለች። የወደቀውን ሳይክሏን አነሳሁላት።

ይኼኔ የሙሽሪት አባት ሸህ ይማም ምርኩዛቸውን ይዘው እያለከለኩ ደረሱ። ጠብመንጃውን ከልጃቸው እጅ ነጥቀው ለጎረቤት ሰጡና ወደ ፀዳለ ዞሩ።

«አፉ በሉን የኔ እመቤት፣ ባለማወቅ ነው» አሉ።

«ምንም አይደል አባቴ። እኛ ግን እንመለሳለን» አለች።

«ኧረ በአላህ! ከደጄ እንግዳ ደንግጦ እየተመለሰ የልጄ ኒካሕ እንዴት ይባረካል? እህል ሳትቀምሱማ አትሄዱም። እዚህ እቆማለሁ፣ በላዬ ላይ እለፉ!» ብለው መንገዱ መሀል ምርኩዛቸውን ተክለው ቆሙ።

እውነትም አልተንቀሳቀሱም። ፀዳለ ሽማግሌውን አየች፣ እኔን አየች፣ በመጨረሻ ሳትወድ በግዷ ተከተለቻቸው።

ዳሱ ሁለት ነው፤ አንዱ የእስላም፣ ሌላው የክርስቲያን። ተስፋዬና እንግዶቹን የጎረቤት ገበሬ አቶ አበበ ተቀበሏቸው። «ሸህ ይማም በሬውን ገዝቶ ሰጠን፣ እኛው ባርከን አረድን። የልጃችን ሰርግ ነው፣ እንዳታፍሩ!» አሏቸው። ፀዳለ ሙስሊም ለክርስቲያኑ እንዲህ ሲደግስ አይታ አታውቅም ነበርና ነገሩን ደጋግማ አስነገረቻቸው። እኔ ከሙሽሪት ወገኖች ጋር ተቀምጬ፣ እህሉን ትቼ የፀዳለን ፊት አያለሁ።

ቀኑ እየገፋ ሄደ። ሙሽራው የለም። ኔትወርክ እንደ ልማዱ ጠፍቷል። በመጨረሻ አንድ ሰው በእግሩ እየሮጠ መጣ። አሸዋ የጫነ አይሱዙ ገደሉና ውሃው በሚጠቡበት ቦታ ተሰንቅሮ መንገዱን ዘግቶታል። የሙሽራው መኪኖች ከኋላው ቆመዋል። ኒካሑን የሚያስሩት ሸህ ደግሞ ከዐስር፣ ከከሰዓት በኋላው ሰላት፣ በፊት ሌላ መንደር ይጠበቃሉ።

«በእግሩ ይምጣ» አለ አንዱ።

«ሙሽራ በእግሩ? ወላሂ አይሆንም!» ብለው ሽማግሌዎቹ ተንጫጩ። ድሮ በበቅሎ ነበር፤ የመንደሩ በቅሎዎች ግን በጦርነቱ ጊዜ የገቡበት አልታወቀም። ሸህ ይማም ምርኩዛቸው ላይ ተደግፈው መንገድ መንገዱን ያያሉ። ከውስጥ የሙሽሪት ለቅሶ ይሰማል።

ከክርስቲያኑ ዳስ አንዲት ሴት ተነሳች። ፀዳለ ናት። ጉርሻዋን እንኳ ውጣ አልጨረሰችም።

«ሳይክሎቹ አሉ አይደል?» አለች።

ከዚያ ሸህ ይማም «ማሻአላህ!» ብለው ምርኩዛቸውን ወደ ላይ አነሱ፤ መንደሩ በሳቅና በእልልታ ፈነዳ።

አምስታችንም በረርን። ሙሽራው ወፍራም፣ ሱፍ የለበሰ፣ በላብ የራሰ፣ ሳይክል ነክቶ የማያውቅ ሰው ነው። ተስፋዬ ከኋላው ጭኖት «ወገቤን አጥብቀህ ያዝ! ከወደቅን አብረን ነው የምንዳረው!» ይለዋል። የፀዳለ ጓደኞች አንዳንድ ሚዜ ጫኑ። ፀዳለ ራሷ ዋናውን ሚዜ አፈናጠጠች፤ ዳገት ላይ «ውረድና ግፋ!» ስትለው ሰምቼ በሳቅ ልወድቅ ነበር። እኔ ለሙሽሪት የመጣውን የልብስ ሻንጣ ከኋላዬ አስሬ ነዳሁ። ሻንጣ ይዤ ስጓዝ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ጉብታው ስር ስንደርስ ጎረምሳው ጠብመንጃውን ከጎረቤቱ እጅ መልሶ ሊወስድ ሲታገል አየሁ። ሸህ ይማም በምርኩዛቸው እጁን መታ አደረጉና «ዛሬ በእልልታ ብቻ!» አሉ። ሴቶቹም ያን እልልታ አቀለጡት። ኒካሑ በሰዓቱ ታሰረ።

ስንመለስ ፀሐይ ወደ አምባሰል አዘንብላ ነበር። ፀዳለን ምን እንደወሰነች መጠየቅ ፈራሁ። ከተማ ደርሰን ሳይክሏን አስደግፋ፣ ካልሲዋ ላይ የተጣበቀውን የሽምብራ ቅጠል እየለቀመች፦

«ተኩስ የለም» አለችኝ። «እሱን አስቀድመሽ መንደር ለመንደር ዞረሽ ታረጋግጪያለሽ።»

«እሺ።»

«መንገዱ ግን እንዳለ ይሁን። ሽማግሌው ቤትም እንቆማለን። የመጀመሪያዎቹን እንግዶች ከፋሲካ በኋላ ይዤ እመጣለሁ።»

አቅፌያት አለቀስኩ። እሷም አለቀሰች፤ ለምን እንደሆነ እሷው ታውቃለች።

እንግዶቹ መጡ፤ ብዙ አይደሉም፣ ግን ይመጣሉ። ሸህ ይማም ደጅ ላይ ስንደርስ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው አሁንም «ሙሽራው የቱ ነው?» ነው። ሪባኑን አልፈታሁትም፤ በጥር ሐሙስ ግን ሰርግ አለ ወይ ብዬ ሳልጠይቅ አልወጣም። ቪዛው ጊዜው አለፈበት። ያ ትልቅ ሻንጣ ዛሬም በሩ ኋላ ቆሟል፤ ውስጡ ያለው ፓምፕ፣ የጎማ ካላማዳሪያና የሳይክል መፍቻ ነው። ቀና ብላ አታየው የነበረችው እናቴ፣ ጠዋት ጠዋት ራሷ ትከፍተውና ፓምፑን ታቀብለኛለች።