አሰልጣኜና በጌ

እናንተ፣ በግ አቅፎ ስፖርት የሚሠራ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እዚሁ ደባርቅ፣ በገዛ ግቢዬ ሠርቻለሁ።

እናቴ እግሯ ከከዳት ወዲህ ፀሐይ ልትሞቅ ስትፈልግ የጎረቤት ወንዶች ተጠርተው ነው የሚያወጧት። እሷ ደግሞ ታፍራለች፤ «ሰው አላስቸግርም» እያለች ከአልጋዋ ሳትወርድ ትውላለች። እኔ ላንሳት ብል ወገቤ እምቢ አለ። አዲስ አበባ ያለችው የእህቴ ልጅ ይህን ስትሰማ፣ በስልክ ከሚያሠለጥን ዮናስ ከሚባል ልጅ ጋር አገናኘችኝ።

ዮናስ በቪዲዮ እያየኝ ስቀመጥ ስነሳ ከረምኩ። ከዚያ፣ «እትዬ፣ አሁን ክብደት እንጀምር። በየጊዜው ትንሽ ትንሽ የምንጨምርበት ነገር ቤት አለ?» አለኝ።

«ለፋሲካ የገዛሁት ጠቦት አለ፤ እሱ ራሱ ይጨምራል» አልኩት።

ሳቀ ሳቀና፣ «በሉ እንየው» አለ። ጠቦቱን ደረቴ ላይ ለጥፌ ብድግ ስል እሱ ይጮኻል፤ ዮናስም «ወገብዎን ቀጥ ያድርጉ! በእግርዎ ይግፉ!» እያለ ይጮኻል፤ ጎረቤቴ በአጥር አሻግራ፣ «ሴትዮዋ ለየላት!» ትላለች። እናቴ ከአልጋዋ ሆና በበሩ ታየናለች። በጉ እየሰባ፣ እኔም እየጠነከርኩ ሄድን።

አንድ ጠዋት ዮናስ፣ «አሁን እናትዎን» አለኝ። ጎንበስ ብዬ አቀፍኳት፣ በእግሬ ገፋሁ፣ ብድግ! ማንንም ሳንጠራ ፀሐዩ ላይ አወጣኋት። ዮናስ በስልኩ ያጨበጭባል፣ የኔ እንባ ይወርዳል።

እናቴ ግን ኮስተር ብላ አየችኝ።

«ምነው እማዬ፣ አመመሽ?»

«በጉን ስታነሺው ግንባሩን ትስሚው ነበር» አለችኝ።