ንብ የማያርፍበት ሣር

ባለቤቴ ጥር ላይ ሞተች። እስከ ክረምቱ ድረስ ምንም አልተሰማኝም። ቢሮ እገባለሁ፣ የመጣውን ደብዳቤ መዝግቤ ማኅተም እመታለሁ፣ እወጣለሁ። ሰው «እግዚአብሔር ያጽናህ» ሲለኝ «አሜን» እላለሁ። ልጄ ከአዲስ አበባ እየደወለች «አባዬ፣ በላህ?» ትለኛለች፤ ሳልበላም በላሁ እላታለሁ። ማልቀስ እንዳለብኝ አውቃለሁ። እንባው ግን አልመጣም፤ እኔም አልጠበቅኩትም።

ከጎጃም ተመድቤ አሰላ ስመጣ ሙሽሮች ነበርን። ቤቱን ከሠራን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ከበሩ እስከ በረንዳው ያለው ቦታ ሣር ነው፣ ሣር ከተባለ። ባለ ሦስት ቅጠሉ ማገጥ፣ አደዩ፣ ስሙን የማላውቀው ቢጫና ሐምራዊ አበባ ሁሉ ተደባልቆ ክረምት ላይ ጉልበት ይደርሳል። ግቢው የባለቤቴ ጉዳይ ነበር። እኔ «ኧረ አሳጭጂው፣ እባብ ይገባል» እላለሁ፤ እሷ «ይደርሳል» ትላለች፤ ሳይታጨድ ክረምቱ ያልፋል። ስንፍና ይመስለኝ ነበር። አሰላ ብርድ ላይ እባብ ከየት እንደሚመጣም አላውቅም፤ ብቻ የምለው ነገር አላጣም።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ልጄ ለዕንቁጣጣሽ ከባሏ ጋር እንደምትመጣ ነገረችኝ። ግቢውን ዞር ብዬ አየሁት። ባለቤት የሞተበት ቤት መሆኑ ከመንገድ ያስታውቃል። አፈርኩ። ከሞተች ወዲህ የተሰማኝ የመጀመሪያው ነገር ይኸው እፍረት ነበር።

አርሲ ውስጥ አረም ያስቸገረው ሰው ወዴት እንደሚሄድ ሕፃን ልጅም ያውቃል። የስንዴ መድኃኒት የሚሸጥበት ሱቅ ገባሁ። ሻጩ «ስንት ሄክታር ነው?» አለኝ።

«ከበሬ እስከ በረንዳዬ።»

ሰውዬው በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅኩም። መድኃኒቱ ስንዴውን ትቶ ቅጠለ ሰፊውን አረም የሚገድል ነው፤ ስንዴ ደግሞ ያው የሣር ዘር ነው። ስለዚህ ሣሩ ይተርፋል፣ ሌላው ይሄዳል። ይህን በማሰቤ ራሴን እንደ አዋቂ ቆጠርኩት። የጀርባ መርጫ ተውሼ አንድ ጠዋት ግቢዬን እንደ ማሳ ረጨሁት።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ማገጡ ተጣሞ ደረቀ። የቀረውን ሣር አስተካክዬ አሳጨድኩት። ልጄ መጥታ ስታየው «አባዬ፣ ሆቴል አስመሰልከው እኮ!» ብላ ፎቶ አነሳችው። ባሏም አደነቀ። በረንዳው ላይ ስቀመጥ ታዲያ አንድም የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረም። ፌንጣ የለም፣ ቢራቢሮ የለም፣ ያ እጄ ላይ እየወጣ የሚያስቸግረኝ ጥንዚዛ የለም። ጽዳት ማለት ይህ ነው አልኩ። ጸጥታው እንዲያውም ተስማማኝ።

ከአጥራችን ማዶ አንዲት አሮጊት ይኖራሉ። ሰፈሩ ሁሉ አዴ ይላቸዋል። ጣሪያቸው ጥግ ሥር ሦስት ቀፎ ሰቅለዋል። በየዓመቱ ኅዳር ላይ ማር ሲቆርጡ አንድ ሳህን ሞልተው ያመጡልናል። «የግቢያችሁ ድርሻ ነው» ይላሉ። እኔ እንዲሁ የጎረቤት ደግነት አድርጌ እወስደው ነበር። ማሩን እበላለሁ፣ ሳህኑን ባለቤቴ ትመልሳለች።

ዘንድሮ ኅዳር አዴ ባዶ እጃቸውን መጡ። በረንዳው ላይ አስቀመጥኳቸው።

«ኢልመ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «ዘንድሮ ድርሻችሁ የለም። ንቦቹ ጥለውኝ ሄዱ። ሁለቱ ቀፎ ባዶ ነው። በአንዱ ጥቂት ቀርተዋል፣ እነሱም የሚከርሙ አይመስለኝም። አውፍ በለኝ።»

ይቅርታ የሚጠይቁት እኔን ነበር። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። ዝናቡን ወይም ገበሬውን ማማት እችል ነበር።

«አዴ፣ ያባረርኳቸው እኔ ሳልሆን አልቀርም» አልኳቸው። «ነሐሴ መግቢያ ላይ ግቢውን መድኃኒት ረጨሁት። የስንዴውን።»

ሣሩን ረጅም ጊዜ አዩት።

«ገጠሩ ሁሉ ስንዴ ሆነ» አሉ። «ስንዴ ለንብ ምን አለው? አበባ የቀረኝ እዚህ ነበር። ሲዲሳው ሲያብብ ከዚህ ነበር የሚበሉት።» ሲዲሳ የሚሉት ማገጡን ነው።

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ይልቅ ስለ ባለቤቴ ማውራት ጀመሩ።

«እሷኮ መስቀል እስኪያልፍ ማጭድ አታስነካውም ነበር፣ ለኔ ንቦች ብላ። አጥሩ ጋ ትመጣና ‹አዴ፣ ጨረሱ ወይ? ላሳጭደው?› ትለኛለች። ገና ናቸው ካልኳት ትመለሳለች። በየዓመቱ።»

«አላወቅኩም» አልኩ። «ለምን አልነገረችኝም?»

አዴ ገርሟቸው አዩኝ። «ኧረ ነግራሃለች! ወላሂ፣ ‹ነገርኩት› ብላኛለች። አንዴ አይደለም፣ ስንት ጊዜ!»

አዴ ከሄዱ በኋላ ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም። ስትነግረኝ ለማስታወስ ሞከርኩ። ምሳ ላይ ይሆን? ከቢሮ ስገባ ይሆን? ምን ብዬ መለስኩላት? አሥራ ዘጠኝ ክረምት ወደ ኋላ ሄጄ ፈለግኩ፣ አንዱም አልመጣልኝም። ሚስቴ እየደጋገመች ነግራኛለች፤ እኔ አንዴም አልሰማኋትም። ያኔ እንባዬ መጣ። በጠራራ ፀሐይ፣ በረንዳዬ ላይ፣ በሩ ወለል ብሎ እንደተከፈተ፣ መንገደኛው ሁሉ እያየኝ አለቀስኩ።